ስልክ እንደ ሻንጣ ሲፈተሽ

ከአዲስ አበባ የተነሣ ተማሪ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ሲደርስ ፓስፖርት የሚታይበትን መስኮት ያልፋል። አንዳንዱ ግን ወደ ጎን ክፍል ይላካል። የእኛ ሰው «ሰከንደሪ ገባሁ» የሚለው ይህንን ነው። እዚያ «ስልክዎን ይክፈቱ» ሊባል ይችላል።

የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ሁለት ዓይነት ፍተሻ ያውቃል። በአንደኛው መኰንኑ ስልኩን በእጁ ያገላብጣል፤ ለዚህ ጥርጣሬ እንኳ አያስፈልገውም። በሁለተኛው ስልኩ ከመሣሪያ ጋር ተያይዞ ይዘቱ ይገለበጣል፤ ይህ በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ወይም የብሔራዊ ደኅንነት ስጋት፣ በዚያ ላይ የበላይ ኃላፊ ፈቃድ ይፈልጋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ፖሊስ የያዘውን ሰው ስልክ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይበረብር ወስኗል። ድንበር ላይ ግን ሻንጣ ያለ ትእዛዝ ሲፈተሽ ስለኖረ ስልኩም ከሻንጣው ተቆጠረ።

እኔ ይህ ንጽጽር ልክ አይመስለኝም። በሻንጣ ውስጥ ያለው የባለቤቱ ልብስ ነው። በስልክ ውስጥ ግን የእናት ድምፅ፣ የጓደኛ ምስጢር፣ የዕድር ሒሳብ አለ። መኰንኑ ኢንተርኔቱን አቋርጦ ስልኩ ላይ የተቀመጠውን ብቻ እንዲያይ ታዟል፤ ነገር ግን ቴሌግራም ያልከፈትነውን የግሩፕ ፎቶ ጭምር ራሱ አውርዶ ያስቀምጣል። ሌላው ለላከው ምስል የሚጠየቀው ስልኩን የያዘው ነው።

የሚፈተሸው ብዙ ሰው አይደለም፤ በ2024 በጀት ዓመት ከ10,000 መንገደኞች አንዱ ገደማ ነው። ለዚያ አንዱ ወሳኙ የያዘው ወረቀት ነው። አሜሪካዊ ዜጋ የይለፍ ቃሉን ባይሰጥ ስልኩ ይያዝበት ይሆናል እንጂ ከአገሩ አይመለስም። የተማሪ ወይም የሥራ ቪዛ ያለው ግን ሊመለስ ይችላል፤ ቪዛ በሩ ድረስ ያደርሳል እንጂ አያስገባም። ከሐምሌ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለአንድ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ለአባቱ ለቅሶ አዲስ አበባ የመጣ ተማሪ ቪዛው ካለፈበት ወይም መግቢያው ካለቀበት እንደገና ኤምባሲ ይሰለፋል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹንም ለሁሉም ክፍት እንዲያደርግ ይጠየቃል።

ስልኩ ከተያዘበት ደረሰኝ ይቀበል። መመሪያው ስልኩ በመደበኛው አያያዝ ከ5 ቀን በላይ እንዳይቆይ ይላል፤ ሊራዘም ግን ይችላል። የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ቁጥርም ከመነሣቱ በፊት በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይክተት።