የሠርግ ፎቶ አንሺ እንዴት እንምረጥ?

ሠርግ የአንድ ቀን ነገር ነው። ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ጠላውም ያልቃል። ፎቶው ግን ይቀራል። ዛሬ የመረቁን አያት ለከርሞ ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ፎቶ አንሺ ስንመርጥ ዋጋ ብቻ ጠይቀን አንመለስ።

አንደኛ፣ ቀደም እንበል። ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሠርግ ይበዛል። ያን ጊዜ ጥሩ ፎቶ አንሺ ከየት ይገኛል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለተኛ፣ ሥራውን እንይ። በፎቶ ቤቱ መስኮት የተሰቀለው ከብዙ የተመረጠ ነው። «የአንድ ሠርግ ፎቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየን» እንበለው። በማታ መብራት ያነሳው ፊት ይለያል ወይ? ከሙሽሮቹ ሌላ ወላጆች፣ ሚዜዎችና ጎረቤቶች አሉበት ወይ?

ሦስተኛ፣ ቀብድ ሳንከፍል ውል እንጻፍ። ማን እንደሚያነሳ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ስንት ፎቶ መቼ እንደሚያስረክብ፣ ቢቀር ምን እንደሚከፍል ይጻፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 እንደሚለው፣ በሕግ መሠረት የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል። ታዲያ ሳናነብ አንፈርም።

አራተኛ፣ የዛሬ ፎቶ የሚቀመጠው ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ነው። ካርዷ ከጠፋች ፎቶውም ጠፋ ማለት ነው። በዚያው ማታ ሌላ ቦታ እንዲገለብጠው እንንገረው።

በመጨረሻም፣ ሳይነሱ መቅረት የሌለባቸውን ሰዎች ስም ጽፈን እንስጠው። አንድ ዘመድም አጠገቡ ቆሞ ያመልክተው። ፎቶ አንሺው እንግዳ ነው፤ ከተቀመጡት መካከል አያታችን የትኛዋ እንደሆኑ አያውቅም።