ደም ሰጪው ስንት ይከፈለዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ያስታመመ ጎልማሳ ሁሉ «ደም አምጡ» መባልን ያውቃል። ታማሚው የወሰደውን ደም ዘመድ ይተካ ማለት ነበር፤ ምትክ ደም ይሉታል። ከገጠር ብቻውን የመጣ ወይም ዘመዶቹ መርፌ ፈርተው የተሰወሩበት አስታማሚ ታዲያ ምን ያድርግ? ኪሱን ይዳብሳል። «የአክስቱ ልጅ ነኝ» ብሎ ገብቶ ደም የሚሰጥ፣ በጎን ግን የተስማማበትን የሚቀበል ሰው አይጠፋም ነበር። ወረቀቱ ላይ ዘመድ፣ በተግባር ሻጭ። ዛሬም «ይከፈላል እንዴ?» የሚለው ጥያቄ የማይሞተው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አይከፈልም። የደም ባንኩን እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሲዛወር ሥራው ከምትክ ደም ወደ በጎ ፈቃደኛ ለጋሾች ዞረ። ምክንያቱ ቅድስና ብቻ አይደለም።

ለጋሹ ክንዱን ከመዘርጋቱ በፊት ቅጽ ይሞላል። በቅርቡ ታመህ ነበር? መድኃኒት ትወስዳለህ? ለበሽታ የሚያጋልጥ ነገር ገጥሞሃል? ጣቱ ተወግቶ የደሙ መጠን ይታያል፣ ግፊቱ ይለካል፣ ይመዘናል። የተቀዳው ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል። ነገር ግን አንድ ሰው በቫይረስ ከተያዘ በኋላ ምርመራው የማያየው ጊዜ አለ፤ ባለሙያዎች «ዊንዶው ፔሬድ» ይሉታል። በነዚያ ቀናት የታማሚው መከላከያ የለጋሹ እውነተኛ መልስ ብቻ ነው። የሚሰጠው ገንዘብ የቤት ኪራይ የሚሸፍንለት ሰው ደግሞ እውነቱን ተናግሮ ባዶ እጁን እንዲመለስ መጠበቅ ከባድ ነው። በቻይናዋ ሄናን ግዛት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደም ፈሳሻቸውን የሸጡ ድሃ ገበሬዎች ብዙዎቹ በኤችአይቪ ያለቁት በዚሁ ንግድ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም ያልተከፈለበት ልገሳን እንዲያበረታቱ አገሮችን ያሳሰበው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር።

«ደሜ ቢያልቅስ?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የሚቀዳው ግማሽ ሊትር አይሞላም፤ ዐዋቂ ሰው አምስት ሊትር ገደማ አለው። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል፣ ቀይ ሕዋሱ ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ ስለዚህም በየሦስት ወሩ ነው የሚሰጠው። ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ በላይ። ፆመኛም መስጠት ይችላል፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ አይምጣ እንጂ።

ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናት ያክማል፤ ለነዚህ ልጆች የሚያስፈልገው ፕላትሌት የተባለው የደም ክፍል ከ5 ቀን በላይ አይቀመጥም። ቀይ ደሙ እንኳ የሚቆየው ወደ 35 ቀን ነው። ከለጋሾቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች በመሆናቸው ትምህርት ቤት በክረምት ሲዘጋ ማከማቻው ይሳሳል። ሰኔ 7፣ በዓለም የደም ለጋሾች ቀን፣ ብዙ ሰው ይሰለፋል፤ ነሐሴ ላይ ግን ያ ሰልፍ የለም።

ታዲያ ለጋሹን በምን እናትጋው? ብስኩትና ጭማቂው አለ። በዓለም አቀፉ ትርጓሜ የታክሲ ወጪን መመለስም እንደ ክፍያ አይቆጠርም፤ ለመስጠትና ለመመላለስ ከሚበቃው ያለፈ የሥራ ፈቃድ ግን ክፍያ ነው። እኔ ብጠየቅ የታክሲውን ከነሐሴ ጀምሬ እከፍል ነበር።