የአክሱም ሳንቲም፦ ወርቁ ለውጭ፣ መዳቡ ለአገር ቤት

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ የአገር ባህል ልብስ ሊገዛ የወጣ ሰው በአንገት ጌጥ ላይ የተንጠለጠለች ማርትሬዛ ሊያጋጥመው ይችላል። 1780 የሚል ዓመት የታተመባት ይህች 28 ግራም ጠገራ ብር የኦስትሪያ ገንዘብ ናት። የሰው አገር ገንዘብ ገበያችንን የወረሰው የራሳችን ስላልነበረን ነው የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ነበረን እንጂ!

የአክሱም ነገሥታት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ270 ገደማ ጀምሮ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም ያሳትሙ ነበር። ለገበያ ሰው የሚገርመው ሳንቲሞቹ የተገኙበት ቦታ ነው። ብሩና መዳቡ በብዛት የሚገኘው እዚሁ፣ በአክሱምና በአዱሊስ አካባቢ ነው። ወርቁ ግን ባሕር ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1980 በደቡባዊ የመን፣ አል መዳሪባ ከተገኙት 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሮማ ናቸው።

በወርቁ ላይ ያለው ጽሑፍም ባብዛኛው የቀይ ባሕር ነጋዴ የሚያነበው ግሪክኛ ነው፤ በብሩና በመዳቡ ላይ ግን ግዕዙ ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ። ሮማ የወርቅ ገንዘቧን ክብደት ስትቀንስ አክሱምም 2.7 ግራም ገደማ የነበረውን ወደ 1.6 ገደማ አወረደች። ምንዛሪ ማስተካከል ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም።

ወርቁስ ከየት ይመጣ ነበር? በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስን ያየው ነጋዴ ኮስማስ እንደጻፈው፣ የንጉሡ ሰዎች ሳሱ ወደተባለ አገር ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዱ ነበር። ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾህ አጥር ላይ ያኖራሉ። የአገሬው ሰው የወርቅ ፍሬ አጠገቡ አስቀምጦ ዞር ይላል። ባለዕቃው ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፤ ካልተስማማው ይተወዋል፤ ባለወርቁም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ደላላ የለ፣ ቃል የለ! ንጉሡ በውጭ በወርቅ ሳንቲም ሲገበያይ፣ ወርቁ ከሚወጣበት አገር ግን የሚሠራው ጨው ነበር ማለት ነው።

የመዳቡ ዝርዝር የራሱ ጣጣ ነበረው። በአንዳንዱ ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ቃል አለ፤ በሌላው ላይ ደግሞ ምልክቱ በወርቅ ተለብጧል። ሳንቲም አንድ በአንድ መለበጥ አድካሚ ሥራ ነው። በእኔ ግምት ይህን ያህል የተደከመው ሕዝቡ መዳቡን አልቀበልም እንዳይል ነው።

በ7ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲሙ ቆመ፤ ንግዱ ግን አልሞተም። በደብረ ዳሞ ገዳም የአረብ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። የደጋው ገበያ በአሞሌ፣ ኋላም በማርትሬዛ ሲሠራ ኖረ። በዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይ 1887 ዓ.ም. ተጽፎ ሲወጣ ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ ነበር፤ የታተመውም ፓሪስ ነው።