ያውቁ ኖሯል? በገና ለምን ይነዝራል?

ታኅሣሥ 29 ቀን ላሊበላ ላይ፣ ካህናቱ ገሚሱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው አለት፣ ገሚሱ ከታች ከግቢው ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲያዜሙ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ይመለከታሉ። በገና ግን የለም! በገና የቅዳሴም የማኅሌትም መሣሪያ አይደለም፤ ሰው ለብቻው የሚጸልይበት ነው። ዋና ወቅቱም ሁዳዴ ነው።

አውታሩ 10 ነው። በጣት ሲደረደር ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የሚሰጡት 6 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ናቸው። በግርፍ፣ ማለትም በመምቻ፣ ሲመታ ሁሉም ሥራ ያገኛሉ።

ያ የሚነዝር ድምፅስ? ብልሽት አይደለም። አውታሩ የሚፈተለው ከበግ አንጀት ነው። በርኩማው (የአውታሩ መደገፊያ) ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ ከሥሩ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ደርዳሪው ቆዳውን ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ እየገፋ ያስተካክለዋል፤ አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካካ ይነዝራል። እንዚራውን ካወጡት በገናው በገናነቱን ያጣል።

የጥንት የዌልስ ሃርፕ ተጫዋቾችም ይህንኑ ይወዱ ነበር፤ በአውታሩ ግርጌ ቆልማማ የእንጨት ችንካር ገጥመው ሃርፓቸውን ያስነዝሩት ነበር።

እኛ አገር ደግሞ እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ ነበር። በገና በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት የተከበረ ነበርና አይገርምም።

እንጦጦ የተወለዱት የበገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በገና የጀመሩት በ12 ዓመታቸው ነው። አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤታቸው ሆነው መጡ፤ ልጁ የአለቃን በገና እየተሸከመ ያመላልስላቸዋል፣ እሳቸው ያስተምሩታል። ከ1 ሜትር የሚበልጥ መሣሪያ ነውና ክፍያው ቀላል አልነበረም! ዓለሙ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኪምበርሊን ለዩኔስኮ ድምፃቸውን ቀረጸች። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት 7 ዓመት አስተማሩ። ደርግ በገናን ከሬዲዮ አስወጣው፤ መምህሩም ማስተማሩን ትተው አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ከፈቱ። ሥራቸው በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም 11ኛ ሆኖ ወጣ። ርእሱ «የንጉሥ ዳዊት ሃርፕ» ይላል፤ ለባለሙያ ግን በገና ከክራር ወገን እንጂ ሃርፕ አይደለም።

በሚቀጥለው ሁዳዴ በገና በስልክዎ ሊያዳምጡ ከሆነ ማዳመጫ ጆሮዎ ላይ ያድርጉ። የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ይውጠዋል፤ ለእርስዎ የሚተርፍልዎ ነዘራው ብቻ ነው።