ዐይን ቢጫ ሲሆን «ወፍ» ብቻ ነውን? ስለ ጫት፣ ጉበትና ሐሞት



ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ የዐይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «ወፍ ይዞት ነው» ይባላል። ብዙዎች ቀድመው የሚሄዱትም ወደ ባህል መድኃኒት ነው። ቢጫነቱ ግን ራሱ በሽታው ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመውም ወደ ጉበት ነው።

ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመነጫል። ሐሞት ቅባት እንዲፈጭ ይረዳል፤ ያረጁ የደም ሴሎች ሲፈርሱ የሚወጣውን ቢጫ ቀለምም ወደ አንጀት ያስወግዳል። የጉበት ሴሎች ሲጎዱ ወይም የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ቀለሙ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ያኔ ዐይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ገላ ያሳክካል።

ጫትን እዚህ ውስጥ ምን አመጣው? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ሐረር ላይ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን 150 ታካሚዎች ከሌሎች 300 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። ብዙ በቃሙ ሰዎች ላይ አደጋው ይበልጥ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አንድ ጥናት ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን በእንግሊዝ አገር የሚገኙ ሐኪሞችም በቃሚዎች ላይ ድንገተኛ የጉበት ብግነት ማየታቸውን ጽፈዋል። ጫቱን ሲተዉ የተሻላቸው፣ ሲመለሱበት ደግሞ ዳግም የታመሙ ነበሩ።

ጉዳዩ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የቡታጅራ ጥናት 10,468 አዋቂዎችን ጠይቆ ግማሾቹ በወቅቱ ይቅሙ እንደነበር አግኝቷል። ከቃሚዎቹ 80 በመቶው የሚቅሙት በጸሎት ላይ ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደሆነ ተናግረዋል። እንግዲህ ለዒባዳ ብለን የያዝነው ነገር ዒባዳ የምንፈጽምበትን አካል የሚጎዳ ከሆነ ቆም ብለን ማሰብ አለብን። ዑለሞች በጫት ላይ ድሮም ተወያይተዋል፤ ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈውበታል። የሐኪሞች ማስረጃ በጨመረ ቁጥር ጉዳትን የመከላከል መርሕ ክብደቱ ይጨምራል።

ይህ ማለት ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሁሉ ከጫት ነው ማለት አይደለም። በአገራችን ሄፓታይተስ ቢ የጉበት በሽታ ትልቅ መንስኤ ነው፤ የሐሞት ጠጠርም አለ። ስለዚህ ምልክቱ ከታየ፦

• ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የጉበትና የሄፓታይተስ ምርመራ ይጠይቁ።
• ጫት የሚቅሙ ከሆነ፣ የወሰዱት የባህል መድኃኒትም ካለ ለሐኪሙ አይደብቁ። ሐኪም ሚስጥር ጠባቂ ነው።
• ሐኪሙ እስኪያይዎት ድረስ ጫቱን ያቁሙ።
• ከሄፓታይተስ ቢ ነጻ ከሆኑ ስለ ክትባቱ ይጠይቁ።

ጤና አማና ነው። አላህ የታመሙትን ያሽርልን። ወላሁ አዕለም።