ምጽዋ፦ ከባሕር ዋና ሌላ ምን ይታይባታል?

ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከባሕሩ ጠርዝ ይደርሳል። ማለዳ ካፖርት ለብሶ የወጣ ሰው ከቀትር በፊት ሸሚዙ ከገላው ተጣብቆ ያገኘዋል። ከዚህም የተነሣ አብዛኛው ሰው እንደ ደረሰ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ወደ ጉርጉሱም አሸዋ ሄዶ ከባሕሩ መግባት ነው። ከባሕሩም ወጥቶ ዓሣውን በልቶ ወደ ደጋው ይመለሳል። ምጽዋን አየሃትን ተብሎ ቢጠየቅ፣ አዎን አይቻታለሁ ይላል። ነገር ግን ያየው ባሕሩን ነው እንጂ ከተማዪቱን አይደለም።

ለመዝናናት ብቻ የመጣ ሰው ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም። ዕቃው ከጉምሩክ እስኪወጣለት ድረስ የሚጠብቅ ነጋዴ፣ ወይም ለመንግሥት ሥራ ተልኮ አንድ ወረቀት እስኪፈረምለት ድረስ የሚውል ሹም ግን፣ በጥላ ሥር ተቀምጦ ሰዓት ከመቁጠር የተሻለ ነገር በአጠገቡ አለው። ምጽዋ የንግድና የአስተዳደር ሥራ በድንጋይ ተጽፎ የሚነበብባት ከተማ ናትና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የከተማዪቱን አቀማመጥ ማወቅ ይገባል። ምጽዋ በሦስት የተከፈለች ናት፤ አንደኛው በየብሱ ላይ ያለው ሰፈር ነው፤ ሁለተኛው የጥዋለት ደሴት ነው፤ ሦስተኛው አሮጌው ከተማና ወደቡ የሚገኙበት፣ ምጽዋ የተባለው ደሴት ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚያያይዙት በባሕር ላይ በድንጋይና በአፈር የተደለደሉ ሁለት መንገዶች ናቸው። ኦስማን ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ከያዙ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ወደ ደሴቱ የሚገባው ሰውም ዕቃም ሁሉ በጀልባ ይሻገር ነበር። በ1860ዎቹ አጋማሽ ወደቡ ወደ ግብፅ አስተዳደር ተዛወረ። ከዚያም በ1870ዎቹ መጀመሪያ ለግብፅ መንግሥት ያገለግል የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ገዥ ሆኖ ሳለ ሁለቱን መንገዶች አስደለደለ፤ የመጠጥ ውሃም በየብስ ካለው ከእምኩሉ በቦይ አስመጣ። እርሱ ራሱ በ1875 በአውሳ ዘመቻ ተገደለ፤ መንገዶቹ ግን ቀሩ። ዛሬም ወደ ወደቡ የሚገባ መንገደኛ የሚረግጠው በዚያን ጊዜ የተያዘውን መሥመር ነው። አንድ አስተዳዳሪ ከሞተ በኋላ ሥራው እንዴት እንደሚመሰክርለት ለማየት የፈለገ ሰው፣ በማለዳ በዚህ መንገድ ላይ በእግሩ ይሻገር።

በጥዋለት ደሴት ላይ ቆም ብለው የሚያዩአቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ከየብስ ተሻግሮ ሲገባ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ በአንጻሩም ሦስት ታንኮች በመታሰቢያነት ቆመዋል። ይህም መታሰቢያ በየካቲት 1990 ሕዝባዊ ግንባር ከተማዪቱን ከደርግ ጦር የያዘበትን ውጊያ የሚያስታውስ ነው። ወደ ፊት አልፎ ጉልላት ያለው ቤተ መንግሥት ይገኛል። ሕንፃው በሙንዚንገር ዘመን በ1870ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ምጽዋ ሲወርዱ ያርፉበት ነበር። በ1990 በደረሰበት ድብደባ ጉልላቱ ተሰብሮ፣ ግድግዳው ተበሳስቶ ቀረ። ፍርስራሹን የሚመለከት ሰው ቱርክን፣ ግብፅን፣ ኢጣሊያን፣ እንግሊዝንና ኢትዮጵያን ያሳለፈች ከተማ ከሁሉም አንዳንድ ነገር ተቀብላ እንዳስቀረች ይረዳል።

በዚሁ ደሴት ላይ የባቡር ጣቢያው ይገኛል። ኢጣሊያኖች ምጽዋን በየካቲት 1885 ከያዙ ከሁለት ዓመት በኋላ ሐዲዱን መዘርጋት ጀመሩ፤ በ1888 ሰሐጢ ደረሰ፤ አስመራ የገባው ግን በ1911 ነው። የሐዲዱ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ገደላገደሉ ከዚያ የሰፋውን አያስተናግድም ነበርና። ከዚህም ሌላ በ1930ዎቹ አጋማሽ ከምጽዋ እስከ አስመራ ከ70 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው ዕቃ በአየር ላይ የሚያጓጉዝ የሽቦ ገመድ ተዘርግቶ ነበር፤ እርሱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተነቃቅሎ ጠፍቷል። ሐዲዱም በ1970ዎቹ በጦርነት ምክንያት ሥራውን አቁሞ፣ ብረቱ ለምሽግ መሥሪያ ውሎ ነበር። ከ1994 ጀምሮ ግን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ የተበተነው ብረት ከየምሽጉ ተለቅሞ፣ መሥመሩ እንደገና ተዘርግቶ በ2003 አስመራ ደረሰ። ይህ ለሥራ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው፤ የጠፋውን ለመመለስ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈልገው ሥራውን የሚያውቅ እጅ መሆኑን ያሳያልና።

ሁለተኛውን መንገድ ተሻግሮ አሮጌው ከተማ ሲገባ፣ የጎብኚው ዋና ሥራ ይጀመራል። እዚህ መኪና ትቶ በእግር መሄድ ይሻላል፤ ጎዳናዎቹ የተሠሩት ለጥላና ለነፋስ ነው እንጂ ለመኪና አይደለም። ጠባብና ጠመዝማዛ የሆኑትም የባሕሩን ነፋስ ወደ ውስጥ እንዲስቡና ፀሐዩ ከግድግዳው በታች እንዳይደርስ ነው። የዓመቱ ሙቀት በአማካይ ከ30 ዲግሪ በማይርቅበት ከተማ ይህ የጌጥ ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነው። ከ500 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የሚነገርለት የሼክ ሐናፊ መስጊድ በዚህ ሰፈር ይገኛል። በደሴቱ ጫፍ በራስ ሙዱር ደግሞ፣ በሰባተኛው ምዕተ ዓመት ከመካ ተሰደው የመጡት የነቢዩ መሐመድ ባልንጀሮች ከባሕር የወጡበት ነው ተብሎ በትውፊት የሚነገርለት የሰሐባ መስጊድ አለ። ወደነዚህ ቦታዎች የሚቀርብ እንግዳ የጸሎት ሰዓት መሆኑን አስቀድሞ ቢጠይቅና ጫማውን ቢያወልቅ በመልካም ፊት ይቀበሉታል።

የድሮዎቹ የነጋዴ ቤቶች የተሠሩት ኮራል ከተባለው የባሕር ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከባሕር ወጥቶ ይጠረባል፤ በኖራ ይያያዛል፤ በየመካከሉም ግድግዳውን የሚያስር እንጨት ይገባል። ከፎቁ ወደ ጎዳናው ወጣ ብሎ የሚታየው፣ በጥልፍ መልክ የተፈለፈለ የእንጨት ሰገነት ነፋስን ያስገባል፤ በውስጥ ያለው ሰው ሳይታይ ወደ ውጭ እንዲያይም ያደርጋል። ምድር ቤቱ የዕቃ መጋዘን፣ ፎቁ የቤተ ሰብ መኖሪያ ነበር። ነጋዴው በላይ ተኝቶ ሀብቱን በታች ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። በእነዚህ ቤቶች የሐድራሞት ዐረብ፣ የሕንድ ባንያን፣ ግሪክ፣ አርመንና የአገሩ ሰው ጎን ለጎን ነግደዋል፤ የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳ፣ ቡና፣ ሙጫና ከዳህላክ የሚወጣው ሉል በእጃቸው አልፏል። ሉሉ በመላው ዓለም የታወቀ ነበር፤ ሰው በብልሃት የሚያሳድገው የጃፓን ሉል ገበያውን በያዘ ጊዜ ግን ጠላቂዎቹ ሥራቸውን ተዉ።

በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዪቱን ክፉኛ ጎዳት። ኢጣሊያኖች ከዚያ በኋላ የሠሯቸው፣ ቅስትና በረንዳ ያላቸው ሕንፃዎች በአሮጌዎቹ መካከል ይታያሉ። በባሕሩ ፊት ለፊት የሚገኘውና በ1920ዎቹ የተሠራው የኢጣሊያ ባንክ ሕንፃ ከሁሉ ይልቅ ዓይን ይስባል፤ እርሱም በጦርነቱ ተጎድቷል። ወደቡም የራሱ ታሪክ አለው። በሚያዝያ 1941 ኢጣሊያኖች ከተማዪቱን ለእንግሊዞች ከመልቀቃቸው በፊት፣ ወደቡ እንዳይሠራ ብለው መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቻቸውን በገዛ እጃቸው አሰጠሙ። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሹም ኤድዋርድ ኤልስበርግ ጥቂት ጠላቂዎችና ጥቂት መሣሪያ ብቻ ይዞ መጥቶ፣ በዚያ ሙቀት ከሰጠሙት አንዱን መጠገኛ አንሥቶ ለሥራ አበቃው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመለስ። የኮራል ቤት በራሱ አይቆምም። ኖራው በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ጣራው ውሃ ማስገባት ከጀመረ ግድግዳውን የሚያስረው እንጨት ይበሰብሳል፤ እንጨቱ ከበሰበሰ ድንጋዩ ይናዳል። በሲሚንቶ ልጠግነው ያለ ሰውም አይጠቅመውም፤ ሲሚንቶ እርጥበቱንና ጨዉን በውስጥ ይዘጋበታልና። ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ ሰው ይፈልጋል፤ ማለዳ መስኮት የሚከፍት፣ ዝናም ሲመጣ ጣራውን የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል። በ1990 ቦምብ ያፈረሰው የታወቀ ነው፤ ቦምብ ሳይነካቸው ባዶ ስለ ቀሩ ብቻ የሚፈርሱት ግን ብዙ ናቸው፤ ማንም አያለቅስላቸውም።

መጨረሻው ምን ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚሁ ባሕር በሰሜን በኩል በሱዳን ጠረፍ ያለችው ሱዋኪን የምጽዋ እኅት ነበረች፤ እርሷም በደሴት ላይ በኮራል የተሠራች፣ በየብስ በተደለደለ መንገድ የተያያዘች የቱርክ ወደብ ነበረች። እንግሊዞች ከ1905 ጀምሮ ፖርት ሱዳንን ሠርተው በ1909 ከመረቁ በኋላ፣ ነጋዴው ገበያውን፣ ሹሙም ቢሮውን ተከትሎ ሄደ። ሱዋኪንን ጠላት አልደበደባትም። ባዶ ብቻ ቀረች፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥም አብዛኛዎቹ ቤቶቿ የድንጋይ ክምር ሆኑ። በ1998 የተነሣው ጦርነት ከኢትዮጵያ ጋር የነበረውን ንግድ ስላቋረጠ፣ ምጽዋም ሥራ የሚጎድልባት ወደብ ምን እንደሚገጥማት ቀምሳለች።

ጊዜ ያለው መንገደኛ ከከተማዪቱ ውጭም ብዙ ያያል። በአስመራ መንገድ ላይ ዶጋሊ ይገኛል፤ በዚያ ጥር 26 ቀን 1887 ራስ አሉላ 500 ያህል የኢጣሊያ ወታደሮችን ገጥመው ከ400 በላይ የሚሆኑትን ገደሉ። በሮም ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። በደቡብ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ በዙላ አጠገብ የጥንቱ የአዱሊስ ፍርስራሽ አለ። በአንደኛው ምዕተ ዓመት አንድ የግሪክ ቋንቋ ጸሐፊ ከዚህ ወደብ የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ እንደሚወጣ፣ ወደ አክሱምም የስምንት ቀን መንገድ እንደሆነ ለነጋዴዎች መዝግቦላቸዋል። በዳህላክ ደሴቶች ደግሞ ከአሥረኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በኩፊ ፊደል የተቀረጹ ከ200 በላይ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹም ወደ ልዩ ልዩ ቤተ መዘክሮች ተወስደዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚስማማው ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከማለዳው 12 ሰዓት ተነሥቶ እስከ 4 ሰዓት መዞር፣ ከዚያም ፀሐዩ እስኪበርድ ማረፍ፣ ከ11 ሰዓት በኋላም እንደገና መውጣት ይበጃል። ማታ ከመካከሉ ተሰንጥቆ በሸክላ ምድጃ የተጠበሰውን ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር በልቶ፣ ዝንጅብል የገባበትን ቡና እየጠጣ፣ ሽማግሌዎች ስለ ሳንቡቅና ስለ ሉል የሚያወሩትን የሚሰማ እንግዳ ከመጻሕፍት የማያገኘውን ያገኛል።

ከባሕር መግባትን ማንም አይከለክለውም፤ ባሕሩ ነገም በቦታው ይቆያል። ቤቶቹ ግን እንደ ባሕሩ አይደሉም። በከተማዪቱ ውስጥ የሚያድር፣ የሚበላና ዕቃ የሚገዛ እንግዳ፣ በአሮጌ ቤት ምድር ቤት ሱቅ የሚከፍት ነጋዴ፣ ለአንድ ጣራ ማደሻ የሚሆን ኖራና እንጨት የሚፈቅድ ሹም፣ እያንዳንዳቸው አንድን ቤት ከሱዋኪን ዕጣ ያድናሉ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የተደለደለው መንገድ ዛሬም እንደሚያሻግር ሁሉ፣ በጊዜው የታደሰ ቤትም ላደሰው ሰው ልጆች ይቆያል።