የባስ ዓሣ ማማለያ ቀለም ምርጫ፦ ከገዥው ዓይን ይልቅ የውኃው ጥራትና የዓሣው ዕይታ ይወስናሉ

በአሜሪካ ሐይቆች፣ ወንዞችና የግድብ ውኃዎች ለመዝናኛና ለውድድር ከሚጠመዱ ዓሦች መካከል ላርጅማውዝ ባስ የተሰኘው አፈ ሰፊ ዓሣ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። ዓሣውን ለመያዝ ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ ሰው ሠራሽ ማማለያ ነው። ማማለያ ከፕላስቲክ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት የሚሠራ፣ ትንንሽ ዓሦችን፣ እንቁራሪትን ወይም የሸርጣን ዘመድ የሆነውን ክሬይፊሽን የሚመስልና መንጠቆ የተገጠመለት ዕቃ ነው። አንዱ ዓይነት ማማለያ ብቻ በበርካታ ቀለማት ተዘጋጅቶ ለገበያ ስለሚቀርብ የትኛውን መግዛት ይሻላል የሚለው ጥያቄ አጥማጆችን ለረጅም ዘመን ሲያከራክር ኖሯል።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ከፍተኛ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ በ2016 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በዚያ ዓመት 35 ነጥብ 8 ሚሊዮን ሰዎች ዓሣ በማጥመድ የተዝናኑ ሲሆን፤ ለዚሁ ተግባር 46 ነጥብ 1 ቢሊዮን ዶላር ወጪ አድርገዋል። ገዥው ዓይኑን የሳበውን ቀለም መርጦ ገንዘቡን ሊከፍል ይችላል፤ ይሁንና ማማለያውን የሚመለከተው ዓሣው እንጂ ገዥው አይደለም። በመሆኑም የቀለም ምርጫ በሦስት ጉዳዮች ላይ መመሥረት ይኖርበታል። እነዚህም ውኃው የሚያሳልፈው ብርሃን፣ የዓሣው ዓይን የመለየት ችሎታና ዓሣው በአካባቢው የሚመገበው እንስሳ ናቸው።

ብርሃን በውኃ ውስጥ

የፀሐይ ብርሃን ወደ ውኃ ሲገባ የያዛቸው ቀለማት እኩል አይዘልቁም። ጥርት ባለ ውኃ ውስጥ በቅድሚያ የሚጠፋው ቀይ ሲሆን፤ ወደ ጥልቁ ርቆ የሚዘልቀው ሰማያዊ ነው። በዚህም ምክንያት በውኃው ወለል ላይ ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚታይ ማማለያ ጥቂት ሜትሮች ሲጠልቅ እየጨለመ ሄዶ ወደ ግራጫና ጥቁር ይለወጣል።

አልጌ በበዛበት ውኃ በአንፃሩ የተሻለ የሚያልፈው አረንጓዴ ብርሃን ነው። የበሰበሰ ቅጠልና ሥር እንደ ሻይ ባጠቆረው ወይም አፈር በደፈረሰበት ውኃ ደግሞ ሰማያዊው ብርሃን ፈጥኖ ይዋጥና ወደ ቢጫና ቀይ የሚያደላው ይቀራል። ስለዚህ አንድ ማማለያ በአንዱ ሐይቅ ውጤታማ ሆኖ በሌላው ላይሠራ ይችላል።

የባስ ዓይን የሚለየው

ባስ ቀለም ይለያል ወይስ አይለይም የሚለው ጉዳይ በሳይንስ መመርመር ከጀመረ ከሰማንያ ዓመታት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ በ1937 ፍራንክ ብራውን የተባሉ ተመራማሪ በኢሊኖይ ግዛት ባሳተሙት ጥናት፤ የባስ ዕይታ አንድ ጤናማ ሰው በቢጫማ መስተዋት ውስጥ ሲመለከት ከሚያየው ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ገልጸዋል።

የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ በ2018 ይፋ የሆነው ጥናት ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። በጥናቱ መሠረት የባስ ዓይን ቀለም የሚለዩ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ያሉት ሲሆን፤ አንደኛው ለአረንጓዴ፣ ሁለተኛው ለቀይ ብርሃን የሠላ ነው። የሰው ዓይን ያለው ሦስተኛው፣ ማለትም ሰማያዊን የሚለየው ሕዋስ በባስ ዓይን ውስጥ አልተገኘም።

ተመራማሪዎቹ ዓሦቹ አንድን ቀለም ከምግብ ጋር እንዲያያይዙ ካለማመዱ በኋላ ከሌሎች ቀለማት እንዲለዩት አድርገዋል። ቀይና አረንጓዴን የተለማመዱት ዓሦች ያለ ብዙ ስህተት መርጠዋል። ይሁንና ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን ደማቅ ቢጫ ከነጭ፤ ሰማያዊን ደግሞ ከጥቁር ለመለየት ተቸግረዋል። ሁለቱም የቀለም ጥንዶች በማማለያ መደብሮች ለየብቻ የሚሸጡ መሆናቸው ሲታይ ገዥው ለልዩነት የከፈለው ገንዘብ ለዓሣው ልዩነት ላይሆን እንደሚችል መገንዘብ ይቻላል። ሙከራው በገንዳ ውስጥ የተካሄደ በመሆኑ በተፈጥሮ ውኃ ያለውን ሁኔታ ሁሉ አይወክልም።

ምርጫው በተግባር

ከላይ ከተገለጹት የሚመነጨው መመሪያ አጭር ነው። ውኃው ጥርት ያለ ሲሆን ዓሣው ማማለያውን በቅርብ ለመመርመር ጊዜ ስለሚያገኝ የአካባቢውን ምግብ የሚመስሉ ለስላሳ ቀለማት ይመረጣሉ። ባሶቹ ትንንሽ ዓሦችን የሚያሳድዱ ከሆነ ነጭና ብርማ፤ ከታች ክሬይፊሽ የሚለቅሙ ከሆነ ቡናማ፣ የወይራ አረንጓዴና ቀይ ቡናማ ተስማሚ ናቸው።

ውኃው ሲደፈርስ ዋናው ጉዳይ መምሰል ሳይሆን መታየት ነው። እዚህ ላይ ከቀለሙ ስም ይልቅ ከአካባቢው ጋር ያለው ንፅፅር ይወስናል። ጥቁር ማማለያ ከኋላው ካለው ብርሃን አንፃር ጥርት ያለ ጥላ ስለሚፈጥር በድፍርስ ውኃና በሌሊት ያገለግላል። ደማቅ ቢጫና ነጭም ከጨለማ ጀርባ ጎልተው ይታያሉ። ስለሆነም አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ ወይም ደማቅ ቢጫ፣ አንድ አረንጓዴ ቡናማና አንድ ቀይ ማማለያ የያዘ ሰው አብዛኛውን ሁኔታ ሊሸፍን ይችላል።

የውኃውን ጥራት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ በ1865 የተጠቀሙበት ዘዴ አንድን ክብ ሰሌዳ በገመድ አስሮ ወደ ውኃ በመልቀቅ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት መመዝገብ ነው። ዘዴው በሴኪ ስም የሚጠራ ሲሆን የሐይቅ ተመራማሪዎች እስከ አሁን ይገለገሉበታል። አጥማጅም ነጭ ማማለያውን አጥልቆ የሚሰወርበትን ርቀት በማየት ተመሳሳይ ግምት ሊወስድ ይችላል።

ቀለም ብቻውን በቂ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ማማለያው ዓሣው ካለበት ጥልቀት ካልደረሰ፣ መጠኑና ፍጥነቱም ካልተስማማ የቀለም ምርጫ ፋይዳ የለውም። በዓለም አቀፍ መዝገብ ለላርጅማውዝ ባስ የክብደት ክብረ ወሰኑን ሁለት ሰዎች ይጋሩታል። ጆርጅ ፔሪ እ.ኤ.አ በ1932 በጆርጂያ ግዛት 10 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነውን ዓሣ የያዙት በሰው ሠራሽ ማማለያ ሲሆን፤ ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ እ.ኤ.አ በ2009 በቢዋ ሐይቅ የተስተካከሏቸው በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ ተጠቅመው ነው።

ከሽያጩ ወደ ውኃው የሚመለስ ገቢ

ጉዳዩ ከአጥማጁ ኪስ አልፎ የመንግሥት አሠራርንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ በ1950 የወጣውና በአመንጪዎቹ ስም ዲንጀል ጆንሰን እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በዓሣ ማጥመጃ መሣሪያዎች ላይ የኤክሳይስ ታክስ ገቢ ለዓሣ ሀብት እንዲውል አድርጓል። ሰው ሠራሽ ማማለያን ጨምሮ በአብዛኛዎቹ መሣሪያዎች ላይ የተጣለው ታክስ 10 በመቶ ነው።

ገንዘቡ ለግዛቶች የሚከፋፈለው 40 በመቶው በቆዳ ስፋታቸው፣ 60 በመቶው ደግሞ ከፍለው ፈቃድ ባወጡ አጥማጆች ቁጥር ነው። ፌዴራል መንግሥቱ ከአንድ ፕሮጀክት ወጪ እስከ 75 በመቶ ሲሸፍን ቀሪውን ግዛቱ ይችላል። አንድ ግዛት ከአጥማጆች የሰበሰበውን የፈቃድ ክፍያ ለሌላ ዓላማ ካዋለ ድጋፉን የማግኘት መብቱን ሊያጣ ይችላል። በዚህ መልኩ ከማማለያ ሽያጭ የተገኘው ታክስ ለዓሣ ጥናት፣ ለጫጩት ማራቢያና ለጀልባ መዳረሻዎች ግንባታ ይውላል።

የኢትዮጵያ ሐይቆች ሁኔታ

ባስ የኢትዮጵያ ሐይቆች ተወላጅ ዓሣ አይደለም። ስለ ዓይኑ የተገኘው ውጤትም በጫሞ ሐይቅ ለሚገኘው ናይል ፐርች እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ዕይታ አለውና። ስለ ብርሃንና ስለ ውኃ ጥራት የተገለጸው ግን በየትኛውም ሥፍራ ይሠራል። ለዚህም አርባ ምንጭ አጠገብ የሚገኙት ሁለቱ ጎረቤት ሐይቆች ጥሩ ማሳያ ናቸው። የአባያ ውኃ በውስጡ በተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት ቀይ ቡናማ ሲሆን ጫሞ ከእርሱ የተሻለ ጥራት አለው። በአንድ ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ አጥማጅ ማማለያውን መለወጥ ሊያስፈልገው ይችላል።

ውኃን የሚያደፈርሰው አፈር ከተፋሰሱ ተሸርሽሮ የሚመጣ በመሆኑ፤ ዓሣው የሚያየው ቀለም በከፊል የሚወሰነው ከሐይቁ ርቆ በሚገኘው ተራራና ማሳ ላይ ነው። አዳኝ ዓሦች ምግባቸውን በዓይን የሚፈልጉ እንደመሆናቸው የውኃው መደፍረስ አጥማጁን ብቻ ሳይሆን የዓሦቹን ኑሮ ጭምር ይነካል። የሐይቆችን የጥራት መጠን በየጊዜው መመዝገብና የተፋሰስ ጥበቃ ሥራን ከዓሣ ሀብት ልማት ጋር አስተሳስሮ ማከናወን የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።